አፑ የሰው ነው፣ አባላቱ የእናንተ ናቸው፦ ፎረማችሁን በሌላ ድርጅት የሞባይል አፕ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የማስተዳድረው የቪትዝ ባለቤቶች ፎረም ላይ አንድ አባል ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጥያቄ ለጠፈ። አባይ በረሃ ነው ያለው። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን አቀበቱን ሲወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የሙቀት መብራት በራበት። ፎቶ አነሳና ከሥሩ «የራዲያተሩን ክዳን ልክፈተው ወይስ ልጠብቅ?» ብሎ ጻፈ። ፎረሙ ላይ ሥራቸውን የሚያውቁ ሦስት መካኒኮች አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ አምስት ደቂቃ አይቆዩም። የዚያን ቀን ግን የሦስቱም ስልክ ጭጭ አለ። «እንዳትከፍት!» የሚለው መልስ የደረሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ደግነቱ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ «እጅህን ትቃጠላለህ፣ ተወው» ብሎ ከልክሎታል።

ስልኩ ለምን ጭጭ አለ? የምንጠቀምበት አፕ ባለቤት ውሉን ቀይሮ ነበር። በነፃ ለሚጠቀሙ ፎረሞች ኖቲፊኬሽን ወዲያው መድረሱ ቀረና እየተጠራቀመ በቀን ሁለት ጊዜ መላክ ጀመረ። ወዲያው ይድረሰኝ ያለ ይክፈል ነው ነገሩ። ይህን የሚገልጽ ኢሜይል ከወር በፊት ደርሶኛል። ርዕሱ «የአጠቃቀም ውላችንን አሻሽለናል» ይላል። እንደ ማንኛውም ሰው ሳልከፍተው አለፍኩት። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው ማለት ነው፣ አልክድም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች የፎረም ባለቤቶች «ይሄን አፕ ብንገባበት ምን ይመስልሃል?» እያሉ ሲጠይቁኝ ከምነግራቸው ውስጥ ዋና ዋናውን እዚህ አስፍሬዋለሁ። ሁሉም ስለ አፑ መልክ ነው የሚጠይቁኝ። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሉ የተቀየረ ቀን እጃችሁ ላይ ምን ይቀራል? የዓመተ ምህረቱ ቁጥር፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

1. መጀመሪያ በሽታውን እወቁ

አባላት «አፕ ይኑረን» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት አፕ አይደለም። አንዱ ገጹ በስልክ ሲከፈት ፊደሉ ስለሚያንስበት ነው። አንዱ ፎቶ መጫን ስላቃተው ነው። ሌላው መልስ ሲሰጠው ስለማያውቅ ነው። ሦስቱም «አፕ» ብለው ነው የሚጠሩት፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ስጡት። የሰርቨራችሁን መዝገብ ወይም የጎብኚ መቁጠሪያውን ክፈቱና ስንቱ በስልክ እንደሚገባ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ አንድሮይድ፣ ስንቱ አይፎን እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ የሰፈር ልጅ የሚይዘውን ዓይነት ርካሽ ስልክ ተዋሱ፤ ዋይፋዩን አጥፉና በሞባይል ዳታ ፎረማችሁን ክፈቱ። እኔ ይህን ያደረግኩ ቀን አፍሬያለሁ። የመጀመሪያው ገጽ እስኪከፈት ቡናዬ ቀዘቀዘ፤ ምክንያቱ ከላይ የለጠፍኩት ትልቅ የመኪና ፎቶ ነበር። ፎቶውን ባነሳሁ ሳምንት «አፕ አምጡ» የሚለው ጩኸት በግማሽ ቀነሰ።

የቀረው ግማሽ ኖቲፊኬሽን ፈላጊ ነበር። የእናንተም ችግር እሱ ከሆነ ቀጥሉ። ካልሆነ ገጹን አስተካክሉና በሰላም ተኙ።

2. መልእክቱ በስንት እጅ እንደሚያልፍ በወረቀት ሳሉት

የሌላ ድርጅት አፕ ፎረማችሁ ጋ የሚደርሰው በፕለጊን፣ ማለትም ፎረሙ ላይ በሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። በዚህ ዘርፍ በጣም የታወቀው ታፓቶክ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ፒኤችፒቢቢ፣ ዘንፎሮ፣ ቪቡለቲንና ሌሎችም የፎረም ሶፍትዌሮች ላይ የሚጫን ፕለጊን አለው። ፕለጊኑ ከፎረሙ ዳታቤዝ ጋር ይነጋገራል፣ አፑ ደግሞ ከፕለጊኑ ጋር።

አሁን ወረቀት አምጡ። አባል ሀ መልስ ጻፈ። መልሱ የእናንተ ሰርቨር ላይ አረፈ። ፕለጊኑ አንስቶ ለአፑ ድርጅት ሰርቨር ላከው። ድርጅቱ አንድሮይድ ከሆነ ለጉግል፣ አይፎን ከሆነ ለአፕል አስረከበ። እነሱ ናቸው የአባል «ለ»ን ስልክ የሚያስጮኹት። በመካከል ስንት እጅ ገባ? የእናንተ የሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ምን እንደሚያልፍ ጻፉበት። ርዕሱ ብቻ ነው ወይስ ሙሉው ጽሑፍ? የውስጥ መልእክትስ? አባል በአፑ ሲገባ የይለፍ ቃሉን የሚጽፈው የት ነው፣ የእናንተ ገጽ ላይ ወይስ አፑ ውስጥ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙ አድሚን ደንግጦ ሲቆም አይቻለሁ።

ነገሩ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በዲሴምበር 2023 የአሜሪካው ሴናተር ሮን ዋይደን ለፍትህ መሥሪያ ቤቱ በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ፣ መንግሥታት የስልክ ኖቲፊኬሽን መረጃ ከአፕልና ከጉግል እየጠየቁ እንደሆነ አሳወቁ። የመኪና ፎረም ላይ ይህ ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል። ስለ ጤና፣ ስለ ፖለቲካ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ስላሉ ሠራተኞች ችግር የሚወራበት ፎረም ከሆነ ግን ያስጨንቃል፣ ማስጨነቅም አለበት።

ሌላም የምታዩት ነገር አለ፦ ፕለጊኑ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው? ጉግል አሮጌውን የኖቲፊኬሽን መላኪያ መንገዱን በ2019 ዘጋ፤ ተተኪው ላይ የነበረውን የድሮ አሠራር ደግሞ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ መዝጋት ጀመረ። ያልታደሰ ነገር ሁሉ በዚህ ጊዜ ድምፁ ይጠፋል። ስህተት እንኳ አያሳያችሁም፣ ዝም ነው የሚለው።

3. ውሉን አንብቡት። አዎ፣ ሙሉውን

አውቃለሁ፣ ማንም አያነብም። ግን እናንተ ለራሳችሁ አይደለም የምትፈርሙት፤ ለመቶዎች ወይም ለሺዎች ነው። አትሙት፤ ቀይ እስክሪብቶ ያዙና እነዚህን ፈልጉ።

መጀመሪያ የመለወጫ አንቀጹን። «በማንኛውም ጊዜ፣ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ» ይላል ወይስ የቀን ገደብ አለው? ማስታወቂያውስ በምን ይደርሳችኋል፣ በኢሜይል ወይስ ድረገጻቸው ላይ በመለጠፍ ብቻ? ድረገጽ ላይ ብቻ ከሆነ ማንም አይነግራችሁም ማለት ነው።

ይህን አንቀጽ ለምን እንደማስቀድመው በሁለት ምሳሌ ላሳያችሁ። ትዊተር በጃንዋሪ 12 ቀን 2023 ትዊትቦትንና ትዊተሪፊክን የመሳሰሉ የሌሎች ሰዎች አፖች ላይ በሩን በድንገት ዘጋ። ገንቢዎቹ ለቀናት ምክንያቱን አያውቁም ነበር። የገንቢዎች ውሉ ተሻሽሎ «ትዊተርን የሚተካ አፕ መሥራት አይቻልም» የሚል የገባበት በሳምንቱ፣ ጃንዋሪ 19 ነው። በሩ ቀድሞ ተዘጋ፣ ሕጉ ኋላ ተጻፈ።

ሁለተኛው ሬዲት ነው። በዚያው ዓመት የሌሎች ሰዎች አፖች መረጃ ለመውሰድ ወደ ሰርቨሩ ለሚልኩት ለእያንዳንዱ 50 ሚሊዮን ጥያቄ 12 ሺህ ዶላር ሊያስከፍል እንደሆነ ተሰማ። አፖሎ የሚባለው ተወዳጅ አፕ በወር ወደ 7 ቢሊዮን ጥያቄ ይልክ ነበር። ሒሳቡን ሥሩት፦ 7 ቢሊዮን በ50 ሚሊዮን ሲካፈል 140፣ በ12 ሺህ ሲባዛ 1 ሚሊዮን 680 ሺህ ዶላር፣ በወር! የአፑ ሠሪ ክርስቲያን ሴሊግ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ይመጣብኛል ብሎ ጁን 30 ቀን 2023 ዘጋው። በሺዎች የሚቆጠሩ የሬዲት መድረኮች በራቸውን ዘግተው ተቃወሙ። ዋጋው አልተቀየረም።

በሁለቱም ላይ የተመታው አፑ ነው እንጂ መድረኩ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚመጣው፤ አፑ ነው ጌታው። ግን ትምህርቱ ያው ነው፤ በመካከል የቆመው ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ዋጋውን ሲቀይር አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ቀጥሎ የይዘት ፈቃድ። አባላት የጻፉትን ድርጅቱ «ለማሳየት» ብቻ ነው የሚጠቀምበት ወይስ «ለማንኛውም ዓላማ»? ሁለተኛው ከሆነ የመካኒኮቻችሁ የአሥር ዓመት ልምድ ነገ ሌላ ቦታ ሊሸጥ ይችላል። ማስታወቂያ ማን ያስገባል፣ ገቢውስ የማን ነው? አባላት የሚለጥፉት ሊንክ ላይ ኮሚሽን የሚያስገኝ ነገር መጨመር ይፈቅዳል? እኔ ይህን አንቀጽ ሳላነብ አልፌ፣ አንድ አባል «ለምንድን ነው የለጠፍኩት ሊንክ ሌላ ቦታ ዞሮ የሚሄደው?» ብሎ በአደባባይ ሲጠይቀኝ መልስ አጥቻለሁ።

ከዚያ መውጫው። ስትለቁ ምን ይመለስላችኋል? በአፑ በኩል ብቻ የተመዘገበ አባል ኢሜይል የማን ነው? ይህ አንቀጽ ከሌለ ጠይቋቸው፣ በጽሑፍ። የማይመልሱ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

የመረጃ ጥበቃም አለ። አባሎቻችሁ ጀርመን ወይም ስዊድን ካሉና ፎረሙም እነሱን የሚያገለግል ከሆነ ጂዲፒአር የሚባለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይመለከታችኋል፤ መረጃውን በእናንተ ስም ከሚይዘው ድርጅት ጋር የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። «እኛ ትንሽ ፎረም ነን» ማለት አያስጥልም።

ስትጨርሱ የውሉን ሙሉ ጽሑፍ ቀኑን በፋይል ስሙ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሲለወጥ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያወዳድር ነፃ መሣሪያ ሞልቷል፤ የተቀየረችዋን መስመር በቀለም ያሳያችኋል። አርባ ገጽ ከማንበብ አምስት መስመር ማንበብ ይሻላል።

4. አማራጮቹን አወዳድሩ

የራሳችሁን አፕ ማሠራት አለ። ቶሎ ልለፈው፤ ለአብዛኞቻችን አይሆንም። አፕል በዓመት 99 ዶላር ይፈልጋል፣ ጉግል አንድ ጊዜ 25 ዶላር። ብሩ አይደለም ችግሩ፤ የማይቆመው ሥራ ነው። አፕል ሰዎች የሚጽፉበት አፕ ላይ ሪፖርት ማድረጊያና ሰው ማገጃ ይጠይቃል፤ ከጁን 30 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ አካውንት ማጥፊያ አፑ ውስጥ መኖር አለበት። ጉግል ለአዳዲስ የግል አካውንቶች 12 ሞካሪ ለ14 ቀን አምጡ ይላል። ድረገጻችሁን እንዳለ በአፕ ጠቅልላችሁ ካመጣችሁ አፕል «ይሄ እኮ ድረገጽ ነው» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ደመወዝ የሚከፈለው ገንቢ ከሌላችሁ ተዉት።

ቴሌግራም አለ። የእኛ ሰው እዚያ ነው የሚውለው፣ መካድ አይቻልም። ቦት (በራሱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም) ሠርታችሁ አዲስ ርዕስ ሲከፈት ርዕሱንና ሊንኩን ቻናል ላይ እንዲለጥፍ ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቦቱ ለግለሰብ መላክ የሚችለው ግን ራሱ ገብቶ «ስታርት» ላለው ብቻ ነው፤ በነፃ ደግሞ በሰከንድ ወደ 30 መልእክት ነው ልኩ። እሱም ቢሆን የሰው ቤት ነው። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ ፈረንሳይ ውስጥ ከታሰሩ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2024፣ ቴሌግራም ውሉን ቀይሮ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የደንብ ጣሾችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ ሊሰጥ እንደሚችል አስታወቀ። ስለዚህ ቴሌግራምን እንደ በር ደወል ተጠቀሙበት፤ ሳሎኑ ፎረማችሁ ይሁን። ውይይቱን እዚያ ያዛወሩ አውቃለሁ፤ አሁን የ2019ኙን የማርሽ ሳጥን ጥያቄ ፈልገው ማግኘት አቅቷቸው እኔን ይጠይቃሉ።

ኢሜይልን ማንም ሰው ይንቃል፣ እኔ ግን አልንቅም። አድራሻው የእናንተ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፣ ማንም አይወስደውም። ደብዳቤው በእውነት ከእናንተ መሆኑን የሚያሳዩ ኤስፒኤፍ፣ ዲኬአይኤምና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስት ማረጋገጫዎች ዶሜናችሁ (የድረገጻችሁ ስም) ላይ አስገቡ፤ ጂሜይልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በዚህ ነገር ጠበቅ ብለዋል፣ ያለ እነሱ ደብዳቤያችሁ አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው።

አራተኛው መንገድ ከራሱ ከድረገጹ የሚላክ ኖቲፊኬሽን ነው። እኔ አሁን ያለሁት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

5. ኖቲፊኬሽኑን ከራሳችሁ ሰርቨር ላኩ

ዘንፎሮ ከስሪት 2.1 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ ይህን ራሱ ይዞ ይመጣል። ዲስኮርስ የሚባለው የፎረም ሶፍትዌርም አለው። በሌሎቹ ላይ ተጨማሪ ፕለጊን ልታስገቡ ትችላላችሁ። እዚህም ቢሆን መልእክቱ በጉግል፣ በሞዚላ ወይም በአፕል በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ማምለጥ የለም። ልዩነቱ ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ በመካከል የነበረው የአፕ ድርጅት ይወጣል። ሁለተኛ፣ የመልእክቱ ይዘት ከሰርቨራችሁ ሲወጣ ተመስጥሮ ነው፣ የሚፈታውም አባሉ ስልክ ላይ ነው፤ አስተላላፊዎቹ ይዘቱን አያነቡትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎረሙ በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም https ብሎ በሚጀምር የተመሰጠረ አድራሻ መከፈት አለበት። ከዚያ ሰርቨራችሁ ቫፒድ የሚባል የቁልፍ ጥንድ ያመነጫል። ይህን ቁልፍ ዛሬውኑ ባክአፕ አድርጉት። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባላት «ፍቀድ» ሲሉ ፈቃዱ የሚታሰረው ከዚህ ቁልፍ ጋር ነው። ሰርቨር ቀይራችሁ ቁልፉን ከረሳችሁ የሰበሰባችሁት ፈቃድ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ዶሜን ስትቀይሩም እንደዚያው ነው፤ ፈቃዱ ለአሮጌው አድራሻ ነበር የተሰጠው።

ፈቃድ አጠያየቃችሁ ላይ ተጠንቀቁ። ሰው ገና ገጹን እንደከፈተ «ኖቲፊኬሽን ልላክልህ?» ብሎ መዝለል በር ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው። እምቢ ካለ ደግሞ ብራውዘሩ ደግማችሁ እንድትጠይቁት አይፈቅድም፤ ሰውየው ራሱ ሴቲንግ ገብቶ ካላስተካከለው አለቀ። ክሮም ብዙ ሰው እምቢ የሚላቸውን ገጾች ጥያቄ ድምፅ አጥፍቶ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል። የእኔ ዘዴ ይሄ ነው፦ አባሉ ጥያቄ ለጥፎ ሲጨርስ «መልስ ሲመጣ ስልክህ ላይ ልንገርህ?» የሚል ቁልፍ ይወጣለታል። በዚያች ሰዓት እምቢ የሚል ጥቂት ነው፤ መልሱን የሚፈልገው እሱ ነዋ።

አይፎን ላይ አንድ እርምጃ ይጨመራል። አፕል ይህን የፈቀደው በማርች 2023፣ በአይኦኤስ 16.4 ነው፤ ያውም ገጹ መነሻ ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ብቻ። አባሉ ሳፋሪ ላይ ፎረሙን ይከፍታል፣ ቀስት ያለባትን የማጋሪያ ምልክት ይነካል፣ «ወደ መነሻ ስክሪን ጨምር» የሚለውን ይመርጣል፣ ከዚያ ከአዲሷ አዶ ገብቶ «ፍቀድ» ይላል። በቃል አታስረዱ፤ የራሳችሁን ፎረም እያሳያችሁ የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ቅዱ። የቪዲዮው ሊንክ ፎረሙ አናት ላይ እንዲሰካ አድርጉ፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ ትጠየቃላችሁ።

እዚህም ላይ መሬቱ ፀንቶ አይቆምም። በፌብሩዋሪ 2024 አፕል በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መነሻ ስክሪን ላይ የሚቀመጡ ድረገጾችን እንደ ተራ ሊንክ ላደርጋቸው ነው አለ፤ ኖቲፊኬሽናቸውም አብሮ ሊሄድ ነው። ጩኸቱ ሲበዛ ማርች 1 ቀን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አለ። ሮምና ስቶክሆልም ያሉት አባሎቻችን ሁለት ሳምንት ሙሉ «እኛስ?» እያሉኝ ነበር። ለዚህ ነው ኢሜይልን አትናቁ ያልኩት።

አንድሮይድ ላይ የሚመጣው ጣጣ ሌላ ዓይነት ነው። ከ2019ኙ የአሜሪካ ዕገዳ በኋላ የጉግል አገልግሎት ሳይኖራቸው የወጡ የሁዋዌ ስልኮች ላይ በጉግል በኩል የሚሄድ ነገር አይደርስም። ሌሎቹ ላይ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢው ብራውዘሩን ከኋላ እየገደለ ደወሉን ያዘገየዋል። «አይደርሰኝም» ያላችሁን አባል መጀመሪያ የምትጠይቁት የስልኩን ዓይነት ነው፣ ቀጥሎ ባትሪ ቆጣቢውን፣ ቀጥሎ ደግሞ (አትሳቁ) ዳታ ከፍቶ እንደሆነ።

6. ምን ትልካላችሁ፣ መቼ?

ከመነሻው ሦስት ነገር ብቻ ይብራ፦ ለጥያቄው የተሰጠ መልስ፣ ስሙ ሲጠራ፣ የውስጥ መልእክት ሲደርሰው። ሌላው ሁሉ አባሉ ራሱ ፈልጎ የሚያበራው ይሁን። «ላይክ» ሲደረግ የሚያንጫርር ፎረም በሳምንቱ ድምፁ ይዘጋል፣ የተዘጋ ድምፅ ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም።

የውስጥ መልእክት ላይ ይዘቱን አትላኩ። «አዲስ መልእክት አለህ» ይበቃል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑ ሲበራ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም።

አማርኛችን ላይም ትንሽ ጣጣ አለ። አንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት ይይዛል፣ የኖቲፊኬሽን ጣሪያ ደግሞ 4 ሺህ ባይት ገደማ ነው፤ እሱ ይበቃናል። ስክሪኑ ግን የሚያሳየው አንድ ሁለት መስመር ነው። ስለዚህ ዋናውን ቃል ፊት አምጡት። «በለጠፍከው ርዕስ ላይ አዲስ ምላሽ ተሰጥቷል፦ ራዲያተር» ከማለት «ራዲያተር፦ መልስ መጣልህ» ይሻላል። በኤስኤምኤስ ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ እወቁት፤ በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንዱ መልእክት በአማርኛ 70 ነው የሚይዘው፣ ሒሳቡ ከእጥፍ በላይ ይወጣል።

ሰዓቱንም አስቡ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ሪያድም ያው ነው፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ዋሽንግተን በበጋቸው ገና ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ነው። የሳምንቱን ማጠቃለያ አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትልኩት ቨርጂኒያ ያለውን አባል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው የምትቀሰቅሱት። የሰዓት ቀጠናውን ከፕሮፋይሉ አንብቦ የሚልክ ሶፍትዌር ከሌላችሁ፣ ምሽት 3 ሰዓት ሁሉንም ያስማማል።

7. ይህን ሁሉ አይታችሁም አፑን ከፈለጋችሁት

አልከለክልም። ጊዜ የሌለው አድሚን አለ፣ አሮጌ ሶፍትዌር ላይ የተቀመጠ ፎረም አለ። ግን ገና ስትገቡ አወጣጣችሁን ሞክሩ። የፎረሙን ቅጂ ሌላ ቦታ ላይ አስነሱ፣ ፕለጊኑን ጫኑ፣ አንድ ሁለት ቀን ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ንቀሉት። ፎቶዎቹ አሁንም ይከፈታሉ? በአፑ የተጫነ ፎቶ የእነሱ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ከሆነ ባዶ ሣጥን ነው የሚቀርላችሁ። ዳታቤዙ ላይ ትቶት የሄደ ነገርስ አለ?

ለአባላት ቀድማችሁ ንገሩ። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ አፕ ስናስገባ የለጠፍኩት ይሄን ነው፦ «ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በዚህ አፕ መግባት ይቻላል። አፑ የእኛ አይደለም፣ የራሱ ውል አለው። በአፑ ስትገቡ ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት የይለፍ ቃል ይሁን። አፑ አንድ ቀን ቢቀር ፎረሙ እዚሁ አድራሻ ላይ አለ።» አራት መስመር ናት፣ ግን ስንለቅ ማንም አልደነገጠም።

ስትለቁ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አሳውቁና የራሳችሁን ኖቲፊኬሽን ጎን ለጎን ክፈቱ። ሰው ከተላመደ በኋላ ፕለጊኑን አጥፉ። ፋይሎቹን ከሰርቨሩ ላይ ሰርዙ፣ አፑ ከፎረማችሁ ጋር የሚነጋገርባቸውን የኤፒአይ ቁልፎች ሻሩ፣ በአፑ ሲገቡ የነበሩ አባላት የይለፍ ቃል እንዲቀይሩ አድርጉ። በመጨረሻ የአባላቱን መረጃ እንዲያጠፉ ለድርጅቱ በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት። እኔ ፋይሎቹን መሰረዝ ረስቼ፣ ያልታደሰ ፕለጊን ሰርቨሬ ላይ ሰባት ወር ተኝቶ አገኘሁት። የተቆለፈ በር ላይ ቁልፉን ትቶ መሄድ ነው።

8. ቀጠሮ ያዙ

ውልና ክፍያን የሚመለከት ነገር ሁሉ የሚመጣበት አንድ የተለየ ኢሜይል ክፈቱ፤ ቢያንስ ሁለት አድሚን ያንብበው። እኔን ያጠፋኝ ያ ደብዳቤ ከሦስት መቶ የማስታወቂያ ደብዳቤ መሃል መግባቱ ነው። መስከረምና መጋቢት ላይ የውሉን ገጽ ክፈቱና ካስቀመጣችሁት ቅጂ ጋር አወዳድሩ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

እና ሞክሩት። እኔ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ በሌላ አካውንት «ሙከራ፦ ቀይ መብራት በራ» የሚል ርዕስ እከፍትና የመካኒኮቹን፣ የሌሎች ሁለት አባላትንና የእኔን ስም እጠራበታለሁ። የደረሰው ሰው አንድ ነጥብ ይጽፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ባለፈው ወር ከስድስት ስልክ አራቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጮኹ። አምስተኛው ሁዋዌ ነው፣ ለእሱ ኢሜይል ከፈትንለት። ስድስተኛው የእኔው ነበር፤ ባትሪ ቆጣቢውን አብርቼ ረስቼዋለሁ።